ከካርቶኑ ሥር የቀረው

እንዴት ከረምክ፣ አንተ የላሚቱ ሎሌ! እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነችው የልጅ ልጄ ናት። ከሶፋ ስትወርድ እግሯ ተሰበረ። አልዘለለችም እኮ፣ ወረደች እንጂ። የላም ወተት ሰውነቷን ስለሚያሳብጠው የምትጠጣው በካርቶን የሚሸጥ የአኩሪ አተር ወተት ነው። ሐኪሙ ራጁን እያየ፣ "አጥንቷ ሳስቷል። ከመቅዳታችሁ በፊት ካርቶኑን ትነቀንቁታላችሁ?" ሲል እናቷ፣ ልጄ፣ "ኧረ አንነቀንቀውም" አለች። ለካ ፋብሪካ ውስጥ የሚጨምሩበት ካልሲየም እንደ አተላ ከሥር ይዘቅጣል። እሷ የተበላሸ መስሏት ከላይ ከላዩን ትቀዳና ዝቃጩን ማጠቢያው ውስጥ ትደፋው ነበር። እኔም ጽዳቷን ሳደንቅ ከረምኩ። ያንተ ላም እንኳ ካልሲየሟን ከሥር አትደብቅም!

"አባዬ፣ የሰበርኳት እኔ ነኝ" እያለች ታለቅሳለች። የትንሿ እግር ቀጥ ብሎ ይጠገን እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ፤ የላሚቱንም ግንባር ሳምልኝ። ብርጭቆ አይይዝም እያልክ የምትስቅበት የሚንቀጠቀጥ እጄ ሥራ አግኝቷል፤ ጠዋት ጠዋት ካርቶኑን የምይዘው እኔ ነኝ። ትንሿ በጀሶ የታሰረ እግሯን ዘርግታ፣ "አባባ፣ ገና ነው፣ ነቅንቀው!" ትለኛለች።