ባሏን ሊማሊሞ የቀበረችው ጣሊያን

ሮማ ላለሽው ልጄ ለጥሩዬ፤ በሰው አገር ያቆመሽ አምላክ ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ዘንድሮ አልከፋም፤ ወንድምሽ ታገኘም ከዘመቻው በሰላም ተመለሰ።

በቀደም ደባርቅ ገበያ አንዲት አሮጊት ጣሊያን መጥታ የሊማሊሞን መንገድ ጠየቀችኝ። ጎረቤታችን አቶ ያርጋል ያስተረጉሙላት ነበር። እኔም አባቴ ትዝ ብሎኝ፣ «አባቴን ገድላችሁ፣ በአገራችን ሀብት ወፍራችሁ፣ ደግሞ ምን ቀራችሁ?» ብዬ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኽሁባት።

እሷም ቀስ ብላ፣ «ባሌ ያንን መንገድ ሲሠራ ገደል ገብቶ ሞተ። የገዛ አገሬ መንግሥት ለጦርነቱ ብሎ የጋብቻ ቀለበቴን ሳይቀር ወሰደብኝ። ከእናንተ አገር ቤቴ የገባ አንድ ቁና እህል የለም» አለች።

እጇን አየሁት፤ እንደ እኔው በሥራ የተሰነጣጠቀ ነው። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። አባቴንስ ገድለውታል፤ በአገራችን ሀብት ማን እንደ ወፈረ ግን እንጃ። ይቅርታ ሳልላት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች።

የሷንና የመንደሯን ስም አቶ ያርጋል ጠይቀዋት ኖሮ ከዚህ ሥር ጽፈውልሻል። እባክሽ ሄደሽ «እናቴ አፍራለች» በይልኝ። ፊት ብትነሳሽም አትቀየሚያት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እመብርሃን ከክፉ ዓይን ትሰውርሽ።

እናትሽ በለጠች