ሳሎኑን ቀማኋቸው

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ሌላው ቀን። የምሸጥበት ዳቦ ቤት፣ ወረፋ፣ "ዝርዝር የለኝም" የሚል ሰው። ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። ዳቦዋን ተቀበለች፣ ግን አልሄደችም።

"ሌላ አገር አዲስ ጉንፋን ተነስቷል" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንደ ተራው አይደለም። እዚህም መምጣቱ አይቀርም። ቤትሽ ሽማግሌ አለ አይደል?"

አለ። የባሌ አባት። አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ሳንባቸውን ጭስ በላው። አምና ተራ ጉንፋን ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ለጥቂት ነው የተረፉት። ይኼኛው ከያዛቸውማ…

"ምን ላድርግ?"

"ከመምጣቱ በፊት አስቢበት። የታመመው የት ይተኛል? አንቺ ብትታመሚስ ቤቱን ማን ይይዛል?"

እኔ? እኔ መቼ ታምሜ አውቃለሁ?

ጥቅምት 6

ቤቱን ስዞር ዋልኩ። አንዱ ክፍል የእኔና የባሌ ነው። ሌላውን አባባና ልጄ በመጋረጃ ተካፍለውታል። ሰፊ መስኮት ያለው፣ በሩ በደንብ የሚዘጋው ሳሎኑ ብቻ ነው። የእንግዳ ሳሎን! ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም። እኛ ወጥ ቤት ተጣበን እንበላለን፣ ሳሎኑ ብቻውን ተንፈላስሶ ይኖራል። እንግዳ የሚባለውም በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።

እራት ላይ አፈረጥኩት። "ከዛሬ ጀምሮ ሳሎኑ የበሽተኛ ክፍል ነው።"

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ማን ታመመ?"

"ማንም።"

"እንግዳ ቢመጣስ?"

"ወጥ ቤት ይቀመጣል።"

አባባ ተቆጡ። "እኔን ልትዘጊብኝ ነው!"

"እርስዎን አይደለም አባባ። ማንም ይሁን ማን፣ ቀድሞ የታመመውን ነው። እርስዎ ጋ እንዳይደርስ።"

"ቀድሞ የሚታመመው ማን ሆነና! እኔው ነኛ!"

አኩርፈው ተኙ። ያኩርፉ። በሕይወት ኖረው ያኩርፉ።

ጥቅምት 9

የሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ። እጄን አወጣሁ። ብቻውን የሚኖረው ማን እንደሆነ እንወቅ፣ ጎረቤትና ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ይጠያየቅ፣ የታመመ ሰው መድኃኒት ማን እንደሚያመጣ ከአሁኑ እንነጋገር አልኩ።

"ኧረ በፈጠረሽ አታሟርቺብን!" አለች ግድግዳ የምንጋራው ፀጉር ሠሪዋ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ጉሮሮውን ጠራርጎ "አጀንዳችን የውኃ ታንከር ነው" አለ።

ደረጃውን ወጥቼ ሳልጨርስ ስም ወጣልኝ። ሟርቴ። ልጄ እንኳ ሰምታ መጣች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ይበሉኝ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ነው እንዴ ዝናቡን የሚጠራው?

ጥቅምት 10

ላስቲኩን ከሶፋው ገፈፍኩት። አጯጯሁ! ደስ ሲል።

ጥቅምት 16

ልምምድ አልኳቸው። እሑድ ነው፣ ሁሉም ቤት ነው። "ታምሜያለሁ" ብዬ ሳሎን ገባሁ። ሕጉን አስቀድሜ ነግሬያለሁ፦ በሩ አይከፈትም፣ ምግብ በር ላይ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የግድ የሚገባ ካለ አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ማስክ አድርጎ፣ ሲወጣም እጁን በሳሙና ታጥቦ።

ገና ጋደም ከማለቴ በሩ ተበረገደ። ባሌ። "ጨው የት ነው?"

"ታምሜያለሁ! ራስህ ፈልግ!"

ዘጋው። ወዲያው ልጄ። "እማ፣ የአባባ የጠዋቱ ክኒን ነጩ ነው ቢጫው?" ቀጥሎ ራሳቸው አባባ፣ ምሳ ይኖር እንደሆነ ሊያጣሩ። ደግሞ ባሌ፣ ጋዙ እምቢ ብሎት። በመጨረሻ ሦስቱም ሶፋው ላይ ዙሪያዬን ተቀምጠው ምን እንደሚበላ ይመካከራሉ! የእውነቱ ቢሆን ምሳ ሳይደርስ ሁሉንም ጨርሻቸው ነበር።

ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ። ይኼ ቤት በሙሉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው ለካ። እኔ ከወደቅኩ አባባን ማን ያተርፋቸዋል? ነጩና ቢጫው እንኳ የማይታወቅበት ቤት…

አይሆንም። አስተምራቸዋለሁ። ወደዱም ጠሉም።

ጥቅምት 19

ፀጉር ሠሪዋ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። "ሟርቴ፣ ዛሬስ ምን ታየሽ?"

"አንቺ ታየሽኝ። ብቻሽን ነሽ። ብትታመሚ ማን ያውቅልሻል?"

ቁልፏን ፍለጋ ቦርሳዋን መበርበር ያዘች።

"ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን አንኳኪ" አልኳት። "የሳሎኑን። እኔም እመልሳለሁ። ያልመለሰችውን ሄደን እናያለን።"

"አብደሻል እንዴ?"

"አዎ።"

ጥቅምት 20

አንኳኳሁ። መልስ የለም።

ጥቅምት 21

አንኳኳሁ። የለም። ሬዲዮዋን ከፍ አደረገችው፣ አውቃ።

ጥቅምት 30

ሁለተኛ ልምምድ። ባሌ ሽንኩርት አሳርሮ፣ ደግሞ ሠርቶ፣ ሰው የሚበላው ነገር አወጣ። "ሚስት አገባሁ ብዬ መቶ አለቃ" ይላል። ይበል። ጀሪካኖቹን እሱ ሞላ፣ አልጋ ሥር እሱ ደረደረ። የአባባን መድኃኒት ነርሷ በትርፍ እንድንይዝ ረድታናለች። ክኒናቸውንም አሁን ራሳቸው ይቆጥራሉ፣ "መሪ የያዘ እጅ ክኒን ያቅተዋል?" እያሉ።

በሩ አንዴ ብቻ ተከፈተ። አባባ ናቸው፣ ሬዲዮናቸውን ሳሎን ረስተው።

ኅዳር 5

ዛሬ አንኳኳሁ… መለሰች! አንዴ። ቀስ ብላ። ክርኗ ድንገት የነካው ለማስመሰል።

ኅዳር 19

መጣ።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዳቦ ቤት ወረፋው በሙሉ ይስላል። መስኮት እንክፈት ስለው "ደንበኛ ታባርሪያለሽ" ሲለኝ የከረመው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዛሬ ራሱ መስኮቱን ከፍቶ ሰዉን ደጅ አሰለፈው።

ማታ ሊቀመንበሩ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ በራችን ላይ ቆመ። "ያን ቀን ያልሽው ነገር… እንዴት ነበር?"

"አጀንዳችን የውኃ ታንከር ነው" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። እኔም ልቤ እስኪርስ ካየሁት በኋላ ሁሉንም ነገርኩት። ማን ከማን ጋር እንደሚጠያየቅ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ራቅ ራቅ ብለን፣ አስማማን።

ኅዳር 24

ራሴን ይወቅረኛል። ብርድ ብርድ ይለኛል። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ባሌ አየኝ። በጣቱ ሳሎኑን አሳየኝ። "ግቢ።"

እኔ! ያቺ የማልታመመው…

ኅዳር 26

ትኩሳት። አጥንቴ ሁሉ። ሾርባ ወንበሩ ላይ ነበር። ጨው በዝቶበታል። ጠጣሁት።

በሩን የከፈተ የለም። የጠየቀኝም የለም። ለምን አይጠይቁኝም? ተናደድኩ። የራሴ ጥፋት ነው።

ጠዋት ግድግዳው ተንኳኳ። ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ደገመች። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቷ ከደረጃው ተሰማ። "ሟርቴ አልመለሰችም! ኧረ ክፈቱ! አልመለሰችም!"

"አለች፣ አለች" ይላል ባሌ። "ነርሷ አይታታለች። መተንፈስ እስካላቃታት እዚሁ ትተኛ ብላለች።"

አለሁ። ጎበዝ፣ አለሁ።

ኅዳር 28

አባባ ሲያስሉ ሰማሁ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። እጀታውን ሳብኩት፣ እምቢ አለ። ከወዲያ በኩል ተይዟል።

"ተመለሺ" አሉኝ አባባ።

"ያስልዎታል!"

"የድሮው ሳሌ ነው። ከአውቶቡሱ ጋር ጡረታ የወጣው።"

"ትኩሳትስ?"

"ልጅሽ ለክታኛለች። የለኝም።"

"ክኒኑ…"

"ነጩ ጠዋት፣ ቢጫው ማታ። ሂጂ ተኚ።"

"አባባ፣ ከበሩ ይራቁ!"

"አንቺ ስትርቂ እርቃለሁ። ሕጉ የማን ነው? አንቺ ትዘጊብኛለሽ ብዬ ሳኮርፍ ይኸው እኔ ዘጋሁብሽ።"

ተመለስኩ። ጣሪያውን እያየሁ አለቀስኩ። ከትኩሳቱ አይደለም።

ታኅሣሥ 7

ወጣሁ። ነርሷ ፈቀደች። ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው። አባባን አልያዛቸውም። ባሌንም፣ ልጄንም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት አዛውንት ግን… አልተረፉም። ጎረቤታቸው ባያንኳኳ ኖሮ ብቻቸውን ይሞቱ ነበር። ያ እንኳ አልሆነም።

ዛሬም ሟርቴ ይሉኛል። "ሟርቴ፣ ቀጥሎስ ምን እንያዝ?" ነው አሁን ጥያቄው።

ባሌ ላስቲኩን ከቁም ሳጥን አወጣ። "ሶፋውን መልሰን እናልብሰው?" እኔ አፌን ሳልከፍት አባባ ቀደሙኝ። "ንካውና!" እግራቸውን ሶፋው ላይ ሰቅለው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ወጥ ቤቴ የኔ አልመስል አለኝ። ድስቱ ሌላ ቦታ፣ ማንኪያው ሌላ ቦታ። ሁሉን አገላበጥኩ።

"ጨው የት ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ከሳሎን ሦስቱም ባንድ ድምፅ፣ "ታመናል! ራስሽ ፈልጊ!"