ለባባ የሚሆን ዱላ

ዲሴምበር 4
ቢሮ ስለ መጥበሻ እጀታ ስንከራከር ዋልን። ፕላስቲኩ ሙቀት አይችልም፣ እንጨቱ ውሃ አይችልም...

ቤት ስገባ አባቴ፣ ባባ፣ በረንዳ ላይ፣ ጠዋት ትቼው በወጣሁበት ወንበር ላይ ነው። በዝናቡ ወራት ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ሐኪሙ "ካልተራመደ እግሩ ደርቆ ይቀራል" ብሏል። ከሆስፒታል የተሰጠውን የአሉሚኒየም ምርኩዝ ግን አይነካውም።

"በዚህ በናሺክ ከተማ ብርድ በረዶ ልጨብጥ? ደግሞ ኳ ኳ ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌው መጣ እንዲል ነው?"

እሺ። ሥራዬ ዕቃ መንደፍ አይደል? እኔው እሠራለታለሁ።

ዲሴምበር 9
ፕላስቲክ። ቀላል ነው፣ አይቀዘቅዝም። ሲደገፈው ጎበጠ። "የመጥረጊያ እጀታ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?"

ዲሴምበር 15
ሺሻም የሚባል እንጨት። ጠንካራ፣ ለእጅ ሙቅ፣ ሲያምር! በኩራት ሰጠሁት። በእጁ መዘነውና፣ "ቫይዴሂ፣ ልጄ፣ ይሄ እኔን ሊሸከም ነው ወይስ እኔ እሱን?"

እማዬ ከኩሽና ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከፍቶኛል። እግሩ እየከሳ ነው። ምን ዓይነት ግትር ሽማግሌ ነው?

ዲሴምበር 18
አንድ ወጣት ፖሊስ በበረንዳው ሥር ሲያልፍ ባባ ጮኸበት።

"አንተ! ዱላህ ደርቋል! የሰናፍጭ ዘይት ቀባው እንጂ፣ ይሰነጠቃል!"

ልጁ ሰላምታ ሰጥቶት ሄደ። የባባ እጅ ግን የሆነ ነገር እንደጨበጠ ቀረ... እስከ ጡረታው በፖሊስነት የቀርከሃ ዱላ ይዞ የዞረ ሰው! እንዴት አልታየኝም?

ዲሴምበር 21
ቀርከሃ ገዛሁ፣ ውስጡ ድፍን የሆነውን። ሲደገፉት ለመጥ ይልና ቀጥ ይላል። ዘይት አጠጣሁት። ጫፉ እንዳይሰነጠቅ የነሐስ ቀለበት፣ እንዳያንሸራትት ጎማ። የላዩን ጫፍ ደግሞ መያዣ እንዲሆን በእሳት አሙቄ ቆለመምኩት።

"ቆልማማ ዱላ የያዘ ፖሊስ የት አየሽ?"

እውነቱን ነው። እንደገና...

ዲሴምበር 26
ቀጥ ያለ። ከእጁ እንዳያመልጠው አንዱን አንጓ ሳልልገው ተውኩለት። አውራ ጣቱ እዚያ ላይ አረፈ። ዘይቱን አሸተተ። ቆይቶ፣ "ጫማዬ የት ነው ያለው?" አለ።

እማዬ አለቀሰች። እኔም።

ጃንዋሪ 3
እስከ ሻይ ቤቱ ሄደ። ተመልሶ ተኛ።

ፌብሩዋሪ 11
ምሳው ቀዘቀዘ። ባባ የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ዲንካር ጋ ካርታ ይጫወታል። እማዬ በእኔ ላይ ተነሳች። "ይሄ ሰውዬ ቤት አይውልም እንዴ? ዱላውን የሰጠሽው አንቺ ነሽ!"

ልጠራው ስወጣ መታጠፊያው ላይ አገኘሁት። ቀስ እያለ ይመጣል። ዱላው ብብቱ ሥር ነው።

"ባባ፣ ምነው አልተደገፍከውም?"

"ደክሞት ነው" አለኝ። "ትንሽ ልሸከመው ብዬ።"