ትልቁ ፓወር ሳፕላይ አልጋዬ ስር ነው

ምሕረትኣብ ሓወይ፣ ወንድሜ፣

እኛን የመሃል አገር ሰዎች ከከተማው የሚያወጣን መኪና ደርሷል፤ ከሥራ እስክትመለስ አይጠብቀኝም። ቁልፉን ለጎረቤታችን ለኣልማዝ ሰጥቻታለሁ።

ለሬዲዮህ ባትሪ መሙያ የትኛው ፓወር ሳፕላይ ይሻላል ብለህ ስትጠይቀኝ ትንሹ ይበቃል ያልኩህ ውሸት ነው። አስራ ሁለት ቮልት ብቻ እየሰጠ የአስራ ሁለት ቮልት ባትሪ አይሞላም። እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ ይህ አይጠፋኝም። የታጋዮቹን ሬዲዮ ስትከፍት ጎረቤት ይሰማና የመንግሥት ደኅንነቶች ሁለታችንንም ይወስዱናል ብዬ ፈራሁ። ባትሪው ቶሎ እንዲደክም ፈለግኩ።

ታጋዩ ወንድምህ ዘርኣይ በሬዲዮ የተናገረ ዕለትም ባትሪው መሃል ላይ አለቀ።
ስሙ ሲጠራ ሰማህ። ድምፁን ሳትሰማ ቀረህ።

ታጋዮቹ ከተማ ከገቡ ወር አለፈ። እሱ አልመጣም።

ትናንት በእንግዶችህ ፊት "ይሄ ሰውዬ" ስትለኝ ከፍቶኝ ነበር። ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር ኖረን! ተወው።

ትልቁ፣ አስራ አምስት ቮልቱ፣ አልጋዬ ስር በጨርቅ ተጠቅልሏል። ቀዩን ሽቦ ከፖዘቲቩ ጋር አገናኝ። የባትሪው ውሃ መፍላት ሲጀምር ንቀለው፣ አትርሳ።

አሁን ሬዲዮውን የፈለግከውን ያህል ብታስጮኸው የሚወስድህ የለም።

ንዋይ