ስለ ትኩሳት ላልነገሩን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ዘወትር ዝግ ለሆነው የቢሮዎ በርም ጤና ይብዛላችሁ። እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ የተኛችው የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ጊዜዎን እንዳልሻማ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሐኪምዎ ሕመሟን ኮሪደር ላይ እየተራመዱ ስለነገሯት አመሰግናለሁ። «ካንሰር ነው፤ አይዞሽ፣ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ» ብለው አሳንሰር ውስጥ ገቡ። እታለም የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ ነበር ከሥራ የመጣችው። «ምን አሉ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሰምቼ ነበር፤ ሜትሯን ከአንገቷ አወለቅኩላት።

፪ኛ. «የታካሚዎች መረጃና ድጋፍ ክፍል» የሚለው ሰሌዳዎ እጅግ ያምራል። ደጋግመን ተመላልሰን ክፍሉን ተቆልፎ ያገኘነው፣ ጥበቃው እንዳስረዱን፣ ሠራተኞቹ ስለ ታካሚ አቀባበል ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ነው። በመጨረሻ በተሰጠን በራሪ ወረቀት ላይ እርስዎ ሪባን ሲቆርጡ የሚያሳይ ባለቀለም ፎቶግራፍ አለ። መድኃኒቱ በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግና ቢብስባት ለማን እንደምንደውል ለመጻፍ ግን ቦታ አልበቃውም መሰል።

፫ኛ. ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደች በሳምንቱ አተኮሳት። የሚነግረን ስላልነበረ ጎረቤት ሐኪም ሆነ። «ብርድ ነው፣ አልብሳት» አሉኝ፤ ብርድ ልብስ ደራረብኩባት፣ የትኩሳት ማስታገሻ ክኒን አስዋጥኳት። በረድ ሲልላት እንዲያውም ቀለደችብኝ፤ «አንተ ልጅ፣ መሪውን ትተህ ሰው ብታክም ይሻልሃል» አለች። ሲነጋ ግን እኔን «እማዬ» እያለች ትጠራኝ ጀመር። ተሸክሜ ድንገተኛ ክፍል አደረስኳት። ነርሷ ሙቀቷን ለክታ ጮኸችብኝ፤ «ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው ያኔውኑ ይመጣል እንጂ ቤት ይተኛል? ማንም አልነገራችሁም?»

«ማንም» አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይ የእኛ ነገር» አለች።

መድኃኒቱ ሰውነቷ በሽታን የሚከላከልበትን አቅም እንደሚያዳክም፣ ትኩሳትም የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት ተማርኩ። ትምህርቱ በነፃ ነበር፤ የተማርኩበት ገላ ግን የእህቴ ነው።

፬ኛ. አራተኛም ልጽፍ ነበር፤ ሹፈቱ ከዚህ በላይ አልወጣልኝ አለ። ጌታዬ፣ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል ይሉኛል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ ላጠጣት? አፏን በምን ልጠብላት? ልጆቿ ገብተው ቢያዩዋት ይጎዷታል? ከዳነች ያንኑ መድኃኒት ደግማ ትወስዳለች? የምጠይቀው ሁሉ «ቆይ» ይለኛል። ይኸው ቆየሁ። እባክዎ፣ ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሚነግረን አንድ ሰው ይላኩልን። እግሬ ላይ ውደቅ ካሉኝም እወድቃለሁ።

ለከበረው ዝምታዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የታካሚዋ ወንድም፣
ከሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር

ማስታወሻ፦ ይህን እየጻፍኩ ሳለ በእታለም ስልክ ከሆስፒታልዎ መልእክት ገባ፤ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይመልሱ» ይላል። ጣቷን ማንሳት ስላልቻለች መልሱ ይዘገይብዎታል፤ ይቅርታ። እኔን የደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ለካ ስልኳን ታውቁት ኖሯል።