ለፈተና የተሻገርንበት ገደል

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
በገደሉ መንገድ ላይ ከተነጠፉት መሻገሪያ እንጨቶች ሌላ አንድ ወድቋል። ጠዋት የተማሪዎቼን የፈተና ካርድ ልቀበል አሊዩ አምባ ስሄድ ነበር፤ ስመለስ የለም። ከሥሩ ባዶ ነው፤ ወንዙ ይሰማል እንጂ አይታይም። ጀርባዬን ከዓለቱ አጣብቄ በጎን በጎን ተሻገርኩ።
ሰኞ አሊዩ አምባ ላይ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። ዘጠኙም ልጆቼ በዚያ ማለፍ አለባቸው። በታች በኩል ያለውን መንገድ ወንዙ ሞልቶ ዘግቶታል።
ወረዳ ደወልኩ። «ደብዳቤ ጻፊ» አሉኝ። ሦስት ጽፌያለሁ እኮ! «አራተኛ ጻፊ።»

ዓርብ
እትዬ ዘሃራ ልጃቸውን ሩቅያን አላሳልፍም አሉ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣውን! ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው።
«መምህርት፣ አባቷን የበላው ያ መንገድ ነው። እሷንም ልስጠው?»
ከዚያ የማፍርበትን ተናገርኩ፦ «እንግዲያው ዳሯትና ይለይልን።» ሩቅያ ጓዳ ሆና ሰምታለች።
ተናድጄ ወጣሁ። በእሳቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቅዳሜ
አራተኛውን ደብዳቤ አልጻፍኩም። ጎረቤት ለመንኩ፤ ስድስት ሰው መጣ። ሁለት የወይራ ግንድ አጋድመን በሽቦ አሰርን፤ ለእጅ መያዣም ገመድ ወጠርን። ከሰዓት ዝናብ መጣና ግንዶቹ ላይ የደለደልነውን አፈር ጠርጎ ወሰደው። ግንዶቹ ግን አሉ።
ይቅርታ ልጠይቅ እትዬ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው።

እሑድ
ስምንቱን ይዤ ገደሉ አፍ ስንደርስ እትዬ ዘሃራና ሩቅያ ቆመዋል።
«ትሂድ፤ ግን ከፊት እኔ ነኝ» አሉ። ባላቸው ከወደቁ ወዲህ እግራቸው ረግጦት አያውቅም። ቢስሚላህ ብለው ገቡ። ግንዱን በተረከዛቸው እየመቱ «ይኼ ደህና ነው» ይላሉ። መሃል ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ።
«ነይ፣ ሩቅያ» አሉ በመጨረሻ።
ሁላችንም ተሻገርን። «አውፍ በሉኝ፣ ለዓርቡ ይቅር በሉኝ» አልኳቸው።
«እስኪ መጀመሪያ ፈተናውን ትለፍ።»

ሰኞ
ሩቅያ ከሒሳብ ስትወጣ «ሁለት ጥያቄ ከበደኝ» አለች። ሁለት ብቻ!
ደብዳቤ ጻፊ ያለኝ የወረዳው ሰውዬ አገኘኝ። «ካለፋችሁማ መንገዱ ደህና ነው ማለት ነው» አይለኝም? ደሜ ፈላ። እትዬ ዘሃራ ቀደሙኝ፦ «እንግዲያው ነገ አብረኸን ትመለሳለህ።»
ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ጠዋት ሦስት ሰዓት» አሉት።
እሺ ብሏል። ይመጣ ይሆን? እንጃ።