የፊት ጎማው እምቢ ያለ ዕለት

ለምወድሽ እትዬ የትምወርቅ፣

ከመካነ ሰላም የላክሁት ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ክብሩ ይስፋና ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ ስነግርሽ ስላለቀስሽ ነገሩን በደንብ ልጻፍልሽ። አውሮፕላናችን አዲስ አበባ በሰላም አረፈ፤ እልልም አልን። ከዚያ ወደ መውረጃው ሊታጠፍ ሲል የፊት ጎማው መሪ አልታዘዝ አለና ወደ ሳሩ ይዞን መሄድ ጀመረ። ፓይለቱ ፍሬን ይዞ አስፋልቱ ዳር አቆመው። አጠገቤ የተቀመጠችው የወረኢሏ ሀጀራ እጄን ጨምድዳ፣ «ያረቢ! ያን ሁሉ ሰማይ አልፈን ሳር ላይ ልንቀር?» ስትል ከነፍርሃቴ ሳቄ መጣ። በኋላ ጎታች መኪና መጥቶ እየሳበ አስገባን። አንድም ሰው አልተጎዳም። እውነቴን ነው፣ ሚኒባሱ ወደዚህ ሲያመጣኝ የፈራሁት ይብሳል!

ወንድማችን አድማሴ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። ገብሱም አምሯል። እማም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች። ጎረቤት ስትሄድ ብቻ አብሬያት እወጣለሁ። ትናንት ጸጉሯን እየሠራኋት ሳለ፣ «የኔአለም መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«መጥታለች፣ እማ» አልኳት።

«እሰይ! የትምወርቅስ?»

ኮንትራትሽ እስኪያልቅ ከምትጠብቂ አስፈቅደሽ ለመስቀል ነይ። አውሮፕላኑን አትፍሪ፤ እኔ ራሴ ቦሌ መጥቼ እቀበልሻለሁ። እማ ስምሽን ሳትረሳው ነይ፣ እትዬ።

እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ።

ታናሽሽ የኔአለም